ሕዋስ ገዛ ራሱን ሲበላ፤ ኦቶፋጂ በሕዋስ ውስጥና በሕዋሳት መካከል ስላለው ሥራ

ባለፈው ሁዳዴ፥ አንድ ዓርብ ጧት፥ እኔና ሁለት የትምህርት ጓደኞቼ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ጫካ አቋርጠን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እንወጣ ነበር። ሦስታችንም እህል አልቀመስንም። ሯጮች ሽቅብ ሽው እያሉ ያልፉናል፤ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ደግሞ ቁልቁል ይወርዳሉ። ዳገቱ ሲበረታና ትንፋሽ ሲያጥረን ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ያነበበውን ነገር አነሣ። «ሰው 16 ሰዓት ከጾመ ሕዋሱ ገዛ ራሱን መብላት ይጀምራል፤ የሚበላውም በሽታውን ነው» አለን። ሁለተኛው ጓደኛችን አልሣቀም፤ አልተከራከረምም። በየካ እርሱ በሚኖርበት ግቢ ያለች አንዲት እናት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረች ገና ሁለት ወር እንዳልሞላት፥ ጾሙ ከገባ ወዲህ ግን የጧቱን ክኒን ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንዳዛወረችው፥ አንዳንድ ቀንም ጨርሶ እንደምትተወው ነገረን። ይህንኑ ወሬ ከልጇ ስልክ ሰምታ ኖሮ «ጾሙ ራሱ ያጠራኛል» ትላለች አለ።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚህ ምክንያት ነው። ወሬው ሐሰት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ሐሰት አይደለም። ሕዋስ በእርግጥ ገዛ ራሱን ይበላል፤ ረኃብም ይህን ሥራ ያፋጥነዋል። ችግሩ እውነቱ ከወሬው የሰፋ መሆኑ ላይ ነው። ሕዋስ የሚበላው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ከበላው ላይ ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳያውቅ ለጠላቱ ያበላል። ማን ለማን እንደሚበላ ሳይለዩ «ሕዋስ በሽታውን ይበላል» ማለት፥ ገበያተኛው ሁሉ ለእኔ ቤት ነው የሚሸምተው እንደ ማለት ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ኦቶፋጂ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ሲሆን «ራስ» እና «መብላት» የሚሉ ሁለት ቃላት የተጋጠሙበት ነው። ወደ አማርኛ መልሰን «ራስን መብላት» ብንለው በእኛ ጆሮ ጥፋትን እንጂ ጥገናን አያመለክትም፤ በሕዋስ ዘንድ ግን ነገሩ ይበልጡን ጥገና ነው። ስለዚህ የተሻለ ቃል እስኪገኝ ድረስ ኦቶፋጂ እያልኩ እጽፋለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ልብ ይበል።

ቃሉን ለዚህ ሥራ ያወጣው የቤልጅጉ ሊቅ ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው። ደ ዱቭ በሉቫን ዩኒቨርሲቲ የአይጥን ጉበት ሲመረምር፥ በ1955 ሊሶሶም ብሎ የሰየመውን ክፍል ለዓለም አስታወቀ። ሊሶሶም በሕዋስ ውስጥ ያለች ትንሽ ከረጢት ናት፤ ውስጧ እንደ ሆድቃችን ኮምጣጣ ነው፥ ፕሮቲንንና ስብን የሚያፈራርሱ ኤንዛይሞችም ታጭቀውባታል። ቀጥሎም በ1962 ቶማስ አሽፎርድና ኪት ፖርተር በአሜሪካ የአይጥን ጉበት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፥ በእነዚህ ከረጢቶች ውስጥ የሕዋሱ የራሱ ሚቶኮንድሪያ ተውጠው አዩ። ሚቶኮንድሪያ የሕዋሱ ምድጃዎች ናቸው። አንድ ሕዋስ የገዛ ምድጃውን ለምን ይውጣል? በ1963 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ ደ ዱቭ ለዚህ ነገር ኦቶፋጂ የሚለውን ስም ሰጠው። በ1974 እርሱና ሁለት ባልንጀሮቹ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለጥያቄው የተሟላ መልስ ግን ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ይቀረው ነበር።

የአሠራሩ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። በሕዋሱ ፈሳሽ አካል ውስጥ በመጀመሪያ አንድ ስስ ድርብ ሽፋን እንደ ትንሽ ሰፌድ ተዘርግቶ ይታያል። ሰፌዱ ጠርዙ እያደገ ይጎብጣል፤ ጎብጦም እንደ ጽዋ ይጎደጉዳል፤ በመጨረሻ አፉን ገጥሞ እንደ ቅል ይዘጋል። ሲዘጋም በአጠገቡ ያገኘውን ይዞ ነው፤ ያረጀ ሚቶኮንድሪያ፣ ተጣብቆ የተበላሸ ፕሮቲን፣ አንዳንድ ጊዜም ምንም ያልተመረጠ ፈሳሽ ይሆናል። ይህ የተዘጋ ከረጢት ኦቶፋጎሶም ይባላል። ኦቶፋጎሶም ከሊሶሶም ጋር ሲዋሐድ የያዘው ሁሉ ይፈራርሳል፤ ፕሮቲኑ አሚኖ አሲድ ይሆናል፥ አሚኖ አሲዱም ወደ ሕዋሱ ተመልሶ ለአዲስ ፕሮቲን መሥሪያ ወይም ለማገዶ ይውላል።

ክረምት ሲበረታና ጎተራ ሲጎድል የባላገር ቤት እንዴት እንደሚያድር የምናውቅ እናውቀዋለን። የተሰበረው ሞፈር ይፈለጣል፤ ያረጀው አጥር ለማገዶ ይነቀላል፤ የተቀደደው ልብስ ተተርትሮ ለሌላው መጣፊያ ይሆናል። ይህ ሁሉ ቤቱን ለማቆየት ነው፤ ግን መጠን አለው። ከአጥሩ አልፎ ምሰሶው ላይ ምሣር የተነሣ ዕለት ቤቱ ራሱ ይወድቃል። በሕዋስ ውስጥም ይህን መጠን የሚጠብቁ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነርሱ ዋናው ቶር የሚባለው ነው። ቶር አሚኖ አሲድ ሲበዛ ይነቃና የኦቶፋጂን ሥራ ያግዳል፤ ምግብ ሲጎድል ዝም ይላል፥ ያን ጊዜ እግዱ ተነሥቶ ሥራው ይጀመራል። ኤኤምፒኬ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ የሕዋሱ ኃይል ሲያልቅ ተነሥቶ ያንኑ ሥራ ይቀሰቅሳል።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ለማወቅ መንገድ የከፈተው በየጋናችን ውስጥ ያለው ፍጥረት መሆኑ ለእኔ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ጠላንና ጠጅን ከሚያፈሉት እርሾዎች መካከል ዋነኛው ሳካሮማይሲስ ሴርቪሲየ የሚባለው ነው፤ ዳቦ የሚያነሣውም እርሱ ነው። የቶኪዮው ሊቅ ዮሺኖሪ ኦሱሚ የመረመረው ይህንኑ እርሾ ነበር። እርሾ በሊሶሶም ፈንታ ቫኩዮል የሚባል ትልቅ ከረጢት አለው፤ ትልቅ በመሆኑም በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ኦሱሚ ቫኩዮሉ የገባበትን ፕሮቲን ማፈራረስ የማይችል እርሾ መረጠና ናይትሮጅን በሌለበት ምግብ ውስጥ አስራበው። የታሰበውም ሆነ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቫኩዮሉ ሳይፈጩ በቀሩ ድቡልቡል ነገሮች ተሞላ። ወፍጮውን አቁሞ እህሉ ሲከመር ማየት ማለት ነው። ይህን በ1992 አሳተመ፤ በ1993 ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የዘር ለውጥ ያገኛቸውን እርሾዎች አንድ በአንድ አይቶ፥ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉ 15 ጂኖችን ለየ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ40 በላይ ደርሷል፤ ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ በሰው ሕዋስ ውስጥ አምሳያ አላቸው። ኦሱሚ በ2016 የኖቤል ሽልማትን ብቻውን ተቀበለ።

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ ኦቶፋጂ የረኃብ ቀን ሥራ ብቻ ነው እንዳይል እሰጋለሁ። ጠግቦ ባደረ ሕዋስም ውስጥ በጥቂቱ ዘወትር ይካሄዳል፤ የዕለት ጽዳት ነው። በ2006 ሁለት የጃፓን ቡድኖች በአንጎላቸው የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ይህ ሥራ የተቋረጠባቸውን አይጦች አሳደጉ። አይጦቹ አልተራቡም፤ ነገር ግን የተበላሸ ፕሮቲን በነርቭ ሕዋሶቻቸው ውስጥ ተከማቸ፥ እንቅስቃሴያቸውም ተዛባ፥ ሕዋሳቱም መሞት ጀመሩ። የነርቭ ሕዋስ እንደ ቆዳ ሕዋስ ቶሎ ቶሎ አይተካም፤ ስለዚህ ቆሻሻውን ካላወጣ አብሮት ይኖራል።

ስለ ረኃቡ ከተነገሩት ሁሉ እኔን የነካኝ ግን የ2004 አንድ ምርመራ ነው። ግልገል አይጥ ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ በእትብቱ በኩል ይመጣለት የነበረው ምግብ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ወተቱም ወዲያው አይደርስለትም። የኖቦሩ ሚዙሺማ ቡድን እንዳሳየው በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ውስጥ ኦቶፋጂ በግልገሉ ልዩ ልዩ ብልቶች ከፍ ይላል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ኤቲጂ5 የሚባል ጂን የሌላቸው ግልገሎች ደህና መስለው ይወለዱና በአንድ ቀን ውስጥ ይሞታሉ። ሁላችንም የተወለድንበትን ቀን የተሻገርነው እንዲህ ባለ ድልድይ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ጎረቤት እንሻገር። ግልገሉን ያቆየው እያንዳንዱ ሕዋስ ለየራሱ ስለ በላ ብቻ አይደለም። አንዱ ሕዋስ ያፈራረሰው ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ሆኖ ወደ ደም ይወጣል፤ ደሙም ለሌላው ያደርሰዋል። በዚህ ረገድ ጉበትን የሚያህል የለም። አይጥ 48 ሰዓት ሲራብ ጉበቱ ከፕሮቲኑ ከ25 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። ይህ ሁሉ ለጉበት አይደለም። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በጉበታቸው ብቻ ኦቶፋጂ የተቋረጠባቸው አይጦች ሲጾሙ የደማቸውን ስኳር እንደ ሌሎቹ ሊጠብቁ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ጤነኛው ጉበት ገዛ ሥጋውን አሚኖ አሲድ፥ አሚኖ አሲዱን ስኳር አድርጎ ለአንጎል ይልካል። የሚዙሺማ ቡድን የተራቡ አይጦችን ልዩ ልዩ ብልቶች ሲመለከትም በጉበት፣ በጡንቻና በልብ ኦቶፋጂ ሲበረታ፥ በአንጎል ግን ጎልቶ የታየ ለውጥ አልነበረም። እነዚያ እየበሉ ይልካሉ፤ አንጎል ይቀበላል። ስለዚህ «ስጾም ሕዋሴ ይበላል» የሚል ሰው፥ የትኛው ሕዋስ? ተብሎ ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

ዕፀዋትም ይህንኑ ያደርጋሉ። ከእንጦጦ ጀርባ ወዳለው የገብስ ማሳ በጥቅምት መጨረሻ የወጣ ሰው፥ ዛላው ሲሞላ የታችኛው ቅጠል እየገረጣ ሲሄድ ያያል። ቅጠሉ አርጅቶ ብቻ አይደለም የሚገረጣው፤ ንብረቱን እያስረከበ ነው። በቅጠል ውስጥ ካለው ፕሮቲን እጅግ የበዛው ሩቢስኮ የሚባለው፥ ከአየር ካርቦንን የሚይዘው ነው። በ2008 በአረቢዶፕሲስ፥ ማለት የዕፅ ሊቃውንት ለምርመራ በሚያሳድጉት ትንሽ ተክል ላይ፥ ሩቢስኮ በኦቶፋጂ መንገድ ወደ ቫኩዮል ተወስዶ እንደሚፈራርስ ታየ። ኋላም ይህ ሥራ የተበላሸበት ተክል ናይትሮጅኑን ከቅጠሉ ወደ ዘሩ በሚገባ እንደማያሸጋግር ታወቀ፤ በበቆሎም ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። በመሬታችን ላይ ማዳበሪያ ውድ ነውና ይህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ይመስለኛል፤ የግብርና ተማሪዎች ቢያነሡት ደስ ይለኛል።

አሚኖ አሲድን ማካፈል ቀላሉ ነው። ከዚህ የረቀቀ ሌላ መንገድም አለ። ሕዋስ ወደ ውጭ የሚልከው ፕሮቲን አብዛኛውን ጊዜ ከሲሠራ ጀምሮ የመውጫ ምልክት ተደርጎበት በታወቀ በር ያልፋል። ምልክት የሌላቸው፥ ግን እንደ ምንም ወጥተው የሚገኙ ፕሮቲኖች መኖራቸው ሊቃውንቱን ያስቸግር ነበር። በ2010 ሁለት ቡድኖች በተራበ እርሾ ላይ እንዳሳዩት፥ ኤሲቢ1 የተባለው ፕሮቲን ወደ ውጭ ለመውጣት የኦቶፋጂን ጂኖች ይፈልጋል። በ2011 ደግሞ ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባለው፥ ሰውነት ጀርም ሲገባበት የትኩሳትና የማስጠንቀቂያ መልእክት ሆኖ የሚያገለግለው ፕሮቲን፥ በዚሁ መንገድ ሊወጣ እንደሚችል ታየ። ማለትም ያው ከረጢት አንዳንድ ጊዜ ወደ ወፍጮ መሄዱን ትቶ ወደ ደጅ ይወጣል። የጽዳት ሠራተኛው መልእክተኛም ነው።

ይህ መካፈል ሁልጊዜ መልካም ነው ብሎ የሚያምን ቢኖር የቆሽት ካንሰርን ይመልከት። ካንሰሩ በሚያድግበት ቦታ ዙሪያ፥ ራሳቸው ካንሰር ያልሆኑ ጤነኛ ሕዋሳት አሉ። በ2016 የታተመ ጥናት እንደገለጠው፥ የካንሰሩ ሕዋሳት እነዚህን ጎረቤቶቻቸውን ያስገድዷቸዋል፤ ጎረቤቶቹም በኦቶፋጂ ገዛ ፕሮቲናቸውን አፈራርሰው አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ያወጣሉ፤ ካንሰሩ ያን ይመገባል። የሚያሳዝነው ደግሞ ኦቶፋጂ ካንሰር እንዳይጀምር የሚከላከል መሆኑን የሚያሳዩ ምርመራዎችም መኖራቸው ነው፤ በ1999 የቤት ሌቪን ቡድን ቤክሊን 1 የተባለውን የኦቶፋጂ ጂን የዕጢን እድገት ሲገታ አግኝቶታል። ያው ሥራ ዕጢው ሳይፈጠር ጠባቂ፥ ከተፈጠረ በኋላ መጋቢ ይሆናል።

አሁን ለጽሑፉ ምክንያት ወደ ሆነው ነገር እመለሳለሁ። ከየካ በምዕራብ በኩል፥ በእንጦጦ ግርጌ፥ የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። ይህ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ የኖረ ሲሆን፥ በብዙ መድኃኒት የማይበገረው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በአገራችን በ2009 የተጀመረውም በዚያ ነው። ሮበርት ኮኽ በ1882 ያገኘው የዚህ በሽታ ባክቴሪያ ተንኮሉ ከሌሎቹ ይለያል። ወደ ሳንባ ሲገባ ማክሮፋጅ የሚባለው ዋጭ ሕዋስ ይውጠዋል። የተዋጠ ባክቴሪያ በተለመደው ሥርዓት ከሊሶሶም ጋር ተገናኝቶ ይፈጫል። የነቀርሳው ባክቴሪያ ግን፥ በ1971 በእንግሊዝ አገር እንደታየው፥ የተዋጠበት ከረጢት ከሊሶሶም ጋር እንዳይዋሐድ ያግዳል፤ በዋጩ ሆድ ውስጥም ጎጆ ሠርቶ ይኖራል።

በ2004 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ባክቴሪያውን የያዙ ማክሮፋጆችን በመስታወት ዕቃ ውስጥ አስራባቸው። ኦቶፋጂ ተቀሰቀሰ፤ የታገደው ከረጢት ወደ ሊሶሶም ደረሰ፤ በሕይወት የቀረው ባክቴሪያም ቀነሰ። የጓደኛዬ የስልክ ወሬ ሥሩ እዚህ ነው ብል አልሳሳትም። ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ከረኃቡ ይልቅ ልብ የሚባል ነገር ነበር። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለው መልእክትም ማክሮፋጁን ሳያስርበው ያንኑ ሥራ አሠራው። ይህን መልእክት የሚልኩት ቲ-ሴል የተባሉ የደም ሕዋሳት ናቸው። እንግዲህ በሰው ሳንባ ውስጥ ዋጩ ሕዋስ ሥራውን እንዲጀምር የሚያዘው የጎረቤት ቃል ነው፤ ቃሉን የሚልከው ጎረቤት ደግሞ ራሱ በርትቶ መገኘት አለበት። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው እነዚህ ሕዋሳት ይዳከሙበታል። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያለ ሕዋስ ሲራብ ብቻውን ይራባል፤ ሰው ሲራብ ግን መልእክተኛውም አብሮ ይራባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለተማሪ ጥሩ ትምህርት ነውና ላሳጥረው አልወድም። በ2012 በማክሮፋጆቻቸው ውስጥ ኤቲጂ5 የሌላቸው አይጦች በሳንባ ነቀርሳ እጅግ ተጎዱ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለ። በ2015 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች የኦቶፋጂን ሌሎች ጂኖች አንድ በአንድ እያጠፉ ሲፈትኑ አይጦቹ እንደዚያ አልተጎዱም። ኤቲጂ5 አይጡን የሚጠብቀው በኦቶፋጂ ሳይሆን በሌላ መንገድ፥ ኒውትሮፊል የተባሉትን ሕዋሳት በመቆጣጠር መሆኑን ገለጡ። ብዙ ሰው ኦቶፋጂ በዚህ በሽታ ላይ ምንም አይሠራም ወደ ማለት አዘነበለ። በ2023 ደግሞ በሰው ማክሮፋጅ ላይ በተደረገ ምርመራ፥ ኤቲጂ7 እና ኤቲጂ14 የተባሉት ጂኖች ሲጠፉ ባክቴሪያው እንደልቡ እንደሚራባ ታየ። በአይጥ የተፈረደው በሰው ሕዋስ ላይ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው። ይህን ያነበበ ሰው «በሽታውን ይበላል» የሚለውን ቃል ለመናገር አፉ ይያዛል።

ለዚያች እናት ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት፥ ኢሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ የተባሉት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ባክቴሪያውን ብቻ እንደማይመቱ አሳይቷል። መድኃኒቱ ሲገባ በታመመው ማክሮፋጅ ውስጥ ኦቶፋጂ ይነሣል፤ ኦቶፋጂው በተቋረጠበት ሕዋስ ውስጥ ደግሞ መድኃኒቱ በሚገባ አይሠራም። እነዚህ ሁለቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች መካከል ናቸው። ስለዚህ ክኒኑን ትታ የሕዋሷን ኦቶፋጂ ለማስነሣት የምትጾም ሰው፥ ኦቶፋጂውን የሚያስነሣውን ራሱን ትታለች። ከዚያም በላይ፥ መድኃኒቱ እየተቆራረጠ ሲወሰድ ከባክቴሪያው ብርቱ ብርቱው ይተርፋል፤ የሚተርፈውም መድኃኒቱን የለመደው ነው። ለስድስት ወር የታሰበው ሕክምና ያን ጊዜ ሌላ መልክ ይይዛል።

ረኃብ ለዚህ በሽታ ወዳጅ እንጂ ጠላት አለመሆኑንም በ2023 የታተመው የህንድ አገር ጥናት በግልጥ አሳይቷል። በዣርካንድ ክፍለ ሀገር የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላሉባቸው ቤተሰቦች ተጨማሪ እህልና ቫይታሚን ሲሰጥ፥ ከቤተሰቡ አዲስ የሚታመመው ሰው፥ እርዳታው ለሕመምተኛው ብቻ ከተሰጠባቸው ቤቶች ጋር ሲነጻጸር በ39 በመቶ ቀነሰ። እህል ነው ይህን ያደረገው።

እንግዲህ ጤነኛ ሰው ሲጾም ምን ይሆናል? የእኛ ምእመናን በዓመት እስከ 180 ቀን ያህል ይጾማሉ፤ ካህናቱ ከዚህም ይበልጣሉ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። እንደዚሁም በየካ ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳንን ይጾማሉ። ከማታ ራት እስከ ማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ ረጅም ነውና፥ የጉበትና የጡንቻ ሕዋሳት በዚያ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠሩ መጠየቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ኦቶፋጂ እንደ ደም ግፊት በክንድ ላይ አይለካም። ከሕያው ሰው ጉበት በየሰዓቱ ቆርሶ የሚወስድ የለም፤ በደም ሕዋሳት ላይ የሚደረገው ልኬት ደግሞ ስለ ጉበት በቀጥታ አይናገርም። «በ16ኛው ሰዓት ይጀምራል» የሚለው ቁጥር በሰው ላይ የተረጋገጠ አይደለም። ብዙው ዕውቀት የመጣው ከአይጥ ነው፤ አይጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲጾም ከክብደቱ ቀላል የማይባል ስለሚያጣ፥ የእርሱ አንድ ቀን የእኛ አንድ ቀን አይደለም። ዳገት መሮጥ እንኳ ይህን ሥራ ሊቀሰቅስ እንደሚችል በ2012 በአይጦች ሩጫ ታይቷል፤ የእንጦጦ ሯጮች ሳያውቁት ከእኛ ከጾመኞቹ ይልቅ ሠርተው ይሆናል ብዬ ለጓደኞቼ ቀልጃለሁ።

ጾሙን ለሚጾም ሰው ይህ ሁሉ ምክንያት አይሆነውም፤ ማፍረሻም አይሆነውም። ማንም አባት «ለሕዋሳችሁ ብላችሁ ጹሙ» ብሎ ሲያስተምር አልሰማሁም። ጾምን በኦቶፋጂ ስም ማወደስ የጀመርነው እኛ የተማርነው ነን፤ ያወደስነውም ለማን እንደሚደርስ ሳናስብ ይመስለኛል።

ያን ዓርብ ከእንጦጦ ወርደን በማግሥቱ፥ ጓደኛችን የእናቲቱን የንስሐ አባት ይዞ ቤቷ ሄደ። ስለ ማክሮፋጅ የሚነግራት ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ አላስፈለገውም። ቄሱ ክኒኑን ተቀብለው አዩት፥ በስንት ሰዓት እንዲወሰድ የጤና ጣቢያው እንዳዘዘ ጠየቋት። በጧት ነው አለቻቸው። «በይ ልጄ፥ መድኃኒትሽን በታዘዘልሽ ሰዓት ውጪ፤ እህልም ቅመሺ። ጾሙን እኔ እጾምልሻለሁ» አሏት። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳ ያቋረጠቻቸውን ቀናት ተናገረች፤ ከዚያ ወዲህ በእነርሱ ምክር እየወሰደች ነው። ከፋሲካ በኋላ ጓደኛችን ሲያገኛት አራተኛ ወሯን ይዛ ነበር፤ ሳሉም ቀንሶላታል።